የሥርዓት ምሕንድስና ወደ ድርጅቶች የገባበት ታሪክና የአማርኛ ስያሜዎቹ

1. መነሻ

በእንግሊዝኛ «ሲስተምስ ኢንጂነሪንግ» የሚባለው ሙያ አንድን መሣሪያ ለብቻው የሚሠራ ሙያ አይደለም። ልዩ ልዩ ባለሙያዎች፣ ፋብሪካዎችና መሥሪያ ቤቶች በየፊናቸው የሚያዘጋጇቸው ክፍሎች በመጨረሻ ተገጣጥመው የታሰበውን አገልግሎት እንዲሰጡ የሚያደርግ ሙያ ነው። ለዚህም ሥራው ከመጀመሩ አስቀድሞ የሚፈለገውን ነገር በጽሑፍ ይወስናል፤ ክፍል ከክፍል የሚገናኝበትን ቦታ ይደነግጋል፤ በመካከል የሚደረገውን ለውጥ ይመዘግባል፤ በፍጻሜውም የተሠራው ከተባለው ጋር መስማማቱን ይመረምራል። ከዚህ እንደሚታየው የዚህ ሙያ ዋነኛ መሣሪያ መፍቻና መዶሻ ሳይሆን ቃል ነው።

ይህ ጽሑፍ ሙያው ከስልክ ድርጅት ተነሥቶ ወደ ሚሳይል፣ ወደ ጠፈር በረራ፣ ወደ ሕዝብ አስተዳደርና ወደ ሲቪል አቪየሽን የተሸጋገረበትን መንገድ በአጭሩ ይመለከታል። ዓላማው የምሕንድስናን ታሪክ በሙሉ መተረክ አይደለም። ለማሳየት የሚሞክረው አንድ ነጥብ ነው፤ ይኸውም ሙያው ሥር የሰደደው የቃላቱ ትርጉም በስምምነት በተወሰነበትና ትርጉሙን የሚጠብቅ ኃላፊ በተሰየመበት ቦታ መሆኑን፣ ስሙ ብቻ በተወሰደበት ግን ፍሬ አለማፍራቱን ነው። ይህ እውነት ከሆነ፣ ለእነዚህ ቃላት አቻ የሚፈልግ የአማርኛ ተርጓሚ የሙያውን ሥራ በከፊል ይሠራል ማለት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

2. ስለ ሁለቱ ቃላት

«ሲስተም» ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን፣ መሠረቱ «አብሮ መቆም» ወይም «አብሮ ማቆም» የሚል ሐሳብ አለው። «ኢንጂነር» የሚለው ደግሞ ብልሃትን ወይም የተፈጥሮ ተሰጥዎን ከሚያመለክተው የላቲን ቃል ከ«ኢንጌኒየም» የተገኘ ነው። በአማርኛ በአቻነት የምንጠቀምባቸው ቃላት የመጡት ከሌላ አቅጣጫ ነው። «ሥርዓት» የግእዙ «ሠርዐ» ዘር ነው፤ ማሰናዳትን፣ መደርደርንና መደንገግን ያመለክታል። «መሐንዲስ» በዐረብኛ በኩል ወደ እኛ የደረሰ ቃል ሲሆን፣ የዐረብኛው «ሀንደሳ» ራሱ መለካትን ከሚያመለክት የፋርስኛ ቃል የተወሰደ ነው። ስለዚህ የእንግሊዝኛው ጥምር ቃል በሥረ ነገሩ «አብሮ የቆመውን በብልሃት መሥራት» ሲል፣ የእኛው «የተደነገገውን በልክ መሥራት» ይላል። ለዚህ ሙያ የእኛው ጥምር ከፈረንጁ የሚያንስ አይደለም፤ እንዲያውም ሙያው በተግባር ወደሚሠራው ሥራ ይበልጥ ይቀርባል።

ይሁን እንጂ «ሥርዓት» የሚለው ቃል ሸክም የበዛበት ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓተ ቅዳሴ፣ በሰዋስው ሥርዓተ ነጥብ፣ በሥነ ፈለክ ሥርዓተ ፀሐይ፣ በፖለቲካ የመንግሥት ሥርዓት እንላለን፤ ልጅ ሲያጠፋም «ሥርዓት ያዝ!» ተብሎ ይገሠጻል። ስለዚህ በአንድ መሥሪያ ቤት «የሥርዓት ምሕንድስና ክፍል» ተቋቋመ ቢባል፣ የሠራተኛ ዲሲፕሊን የሚቆጣጠር ክፍል የመሰለው ሰው አይፈረድበትም። ከዚህ ለመሸሽ «ሲስተም» የሚለውን እንዳለ መውሰድም ችግሩን አያስወግደውም። ዛሬ በባንክ መስኮት «ሲስተም የለም» ሲባል የሚሰማ ሰው ቃሉን የሚረዳው የኮምፒዩተር መረብ ብሎ ነው። የባዕዱ ቃል በተራው ጠብቦና ሌላ ትርጉም ይዞ ተቀምጧል። ተውሶ ማስገባት ከትርጉም ሥራ ነፃ እንደማያወጣ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

3. ከስልክ እስከ ሚሳይል

ስያሜው በሙያዊ ትርጉሙ ሲሠራበት የምናገኘው በ1940ዎቹ በአሜሪካ በቤል የስልክ ላቦራቶሪዎች ነው። ምክንያቱን መረዳት አያስቸግርም። የስልክ ድርጅት አዲስ መሣሪያ ሲያስገባ አሮጌውን ሁሉ በአንድ ቀን ነቅሎ ሊጥል አይችልም። ዛሬ የተተከለው የስልክ ማዞሪያ ከብዙ ዓመታት በፊት ከተዘረጋው ሽቦና በየቤቱ ከሚገኘው ቀፎ ጋር መግባባት አለበት። ስለዚህ ከየመሣሪያው ሠሪ ሌላ የመላውን መረብ ጠባይ የሚያጠና ባለሙያ አስፈለገ። በ1950 ከዚያው ላቦራቶሪ የመጣ ባለሙያ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ትምህርቱን ሰጠ። በ1957 ሃሪ ጉድና ሮበርት ማኮል፣ በ1962 ደግሞ የቤል ላቦራቶሪው አርተር ሆል ሙያውን የሚያብራሩ መጻሕፍት አሳተሙ።

ሙያው ከአንድ ድርጅት ግቢ ወጥቶ በብዙ ድርጅቶች መካከል የቆመው ግን በ1954 ነው። በዚያ ዓመት የአሜሪካ አየር ኃይል አትላስ የተባለውን አህጉር አቋራጭ ሚሳይል ለማፋጠን ጄኔራል በርናርድ ሽሪቨር የሚመሩት መሥሪያ ቤት በካሊፎርኒያ አቋቋመ። እስከዚያ ድረስ የነበረው ልማድ አንዱ የአውሮፕላን ፋብሪካ ሥራውን በሙሉ ተቀብሎ፣ የሚያስፈልገውን ሁሉ እርሱ እንዲያዝና እንዲገጣጥም ማድረግ ነበር። ሽሪቨር ይህን ትተው የሥርዓት ምሕንድስናውንና የቴክኒክ አመራሩን ለራሞ ዉልድሪጅ ኩባንያ ሰጡ። ኩባንያው በዚህ ሥራ ላይ ሳለ የሚሳይሉን ዕቃ ራሱ እንዳያመርት ተከለከለ፤ ተግባሩ የሌሎቹን አምራቾች ሥራ ማገናዘብና ማስማማት ነበር።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። አምራቾቹ የተቃወሙት የሙያውን አስፈላጊነት ሳይሆን የዳኛውን ማንነት ነበር። የሁሉንም ፋብሪካ ምሥጢር የሚያይ ኩባንያ ነገ ተወዳዳሪ ሆኖ ሊመጣ ይችላል ሲሉ ስሞታ አቀረቡ። ክርክሩ እስከ ሕግ አውጪው ምክር ቤት ደረሰ፤ በ1960ም ኤሮስፔስ ኮርፖሬሽን የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ተቋቁሞ የማስማማቱን ሥራ በሰፊው ተረከበ። ስለዚህ የሙያው የመጀመሪያ ታላቅ ጥያቄ «ይህ ክፍል ከዚያኛው ጋር ተስማማ ለማለት ሥልጣን ያለው ማን ነው?» የሚል ነበር።

4. አፖሎና ዩሮፓ

በ1963 የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት የሰው በረራ ክፍል ኃላፊነት ለጆርጅ ሙለር ተሰጠ። በ1964 መጀመሪያ ላይ ሙለር ሚኒትማን የተባለውን ሚሳይል ሲመሩ የነበሩትን ጄኔራል ሳሙኤል ፊሊፕስን ከአየር ኃይል አስመጡ። ፊሊፕስ ይዘውት የመጡት አዲስ ሞተር ሳይሆን አዲስ የጽሑፍ ልማድ ነበር። የአንድ ክፍል ንድፍ አንድ ጊዜ ከጸደቀ በኋላ ለውጥ የሚፈልግ ሰው ለውጡን በጽሑፍ ያቀርባል፤ ለውጡ የሚነካቸው ክፍሎች ሁሉ በሚወከሉበት ጉባኤ ይመረመራል፤ ከተፈቀደም በሁሉም ሰነድ ላይ ይታረማል። የለመዱትን ነፃነት የሚወዱ መሐንዲሶች መጀመሪያ ተቃወሙት። በጥር 1967 በምድር ላይ ሙከራ ሲደረግ በተነሣ እሳት ሦስት ጠፈርተኞች ከሞቱ በኋላ ግን ቁጥጥሩ ይበልጥ ጠበቀ፤ በሐምሌ 1969 ሰው ጨረቃ ላይ ወረደ።

በዚያው ዘመን በአውሮፓ የተደረገው ሙከራ ለቋንቋ ሊቃውንት የበለጠ አስተማሪ ነው። በ1960ዎቹ የተቋቋመው የአውሮፓ የማስወንጨፊያ ድርጅት «ዩሮፓ» የተባለውን ሮኬት ለመሥራት ሥራውን በአገር አከፋፈለ። የመጀመሪያው ደረጃ ለእንግሊዝ፣ ሁለተኛው ለፈረንሳይ፣ ሦስተኛው ለጀርመን፣ የሙከራው ሳተላይት ለጣሊያን ደረሰ፤ ቤልጅግና ሆላንድም ድርሻ ነበራቸው። እያንዳንዱ መንግሥት የራሱን ፋብሪካ በራሱ ልማድ አዘዘ፤ የማዕከሉ ጽሕፈት ቤት ግን ፋብሪካዎቹን የማዘዝ ሥልጣን አልነበረውም። እያንዳንዱ ደረጃ ባለቤት ሲኖረው ደረጃና ደረጃ የሚገናኙበት ቦታ ባለቤት አጣ። ሮኬቱ አንድም ሳተላይት በምሕዋር ላይ ሳያኖር ቀረ። በኅዳር 1971 ከኩሩ የተተኮሰው ከወደቀ በኋላ የተሰየመው መርማሪ ቡድን ጉድለቱን ያገኘው በዕቃው ላይ ብቻ ሳይሆን በአመራሩም ላይ ነበር።

በዚህ ታሪክ የጎደለው አስተርጓሚ አልነበረም። ሰነዱ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ቢመለስም፣ ቃሉ በሁለቱም ወገን አንድ ነገር እንዲያመለክት የሚያስገድድ ሰው አልነበረም። አውሮፓውያን በ1975 የአውሮፓን የጠፈር ድርጅት ሲያቋቁሙ፣ አሪያን የተባለውን አዲስ ሮኬት በአንድ አገር በፈረንሳይ የጠፈር መሥሪያ ቤት መሪነት እንዲሠራ አደረጉ። አሪያን በታኅሣሥ 1979 በመጀመሪያ በረራው ምሕዋር ደረሰ። የተሳታፊዎቹ ቋንቋ እንደ በፊቱ ልዩ ልዩ ነበር፤ የተለወጠው የመጋጠሚያው ባለቤት ነው።

5. ስሙ ከአሠራሩ ሲቀድም

የሚሳይልና የጠፈር ሥራ ዝና ሙያውን ወደ ሌሎች መስኮች ገፋው። በ1964 እና በ1965 የካሊፎርኒያ ገዥ ፓት ብራውን በጠፈር ኢንዱስትሪ የተሠማሩ ኩባንያዎች የሕዝብን ችግር በዚሁ ዘዴ እንዲያጠኑ አራት ውሎች ሰጡ። ርዕሶቹ መጓጓዣ፣ ወንጀል፣ የቆሻሻ አወጋገድና የመንግሥት መረጃ አያያዝ ነበሩ። ለእያንዳንዱ ጥናት 100,000 ዶላርና 6 ወር ተመደበ። ጥናቶቹ ብዙ ተወራላቸው፤ እንደ ሚሳይሉ ግን የተጨበጠ ውጤት አላስገኙም።

ምክንያቱን በ1972 በጉዳዩ ላይ መጽሐፍ ያሳተሙት አይዳ ሁስ በስፋት ተችተውታል፤ በ1973 ደግሞ ሪተልና ዌበር የተባሉ ሁለት የበርክሌይ መምህራን የማኅበራዊ ችግር ጠባይ ከምሕንድስናው ችግር የሚለይበትን ነጥብ ዘርዝረዋል። ከቋንቋ አንጻር ሲታይ ነገሩ እንዲህ ነው። ሚሳይል ሲሠራ «ዒላማ»፣ «ክብደት»፣ «ርቀት» የሚሉት ቃላት ለአዛዡም ለሠሪውም አንድ ናቸው። «ወንጀል» የሚለው ቃል ግን ለፖሊስ፣ ለዳኛ፣ ለተበዳዩና ለተከሳሹ ቤተሰብ አንድ አይደለም። ባለሙያዎቹ የሙያውን ስም፣ ሥዕላዊ መግለጫውንና ሠንጠረዡን ይዘው ገቡ፤ አስቀድሞ መሠራት የነበረበት የቃላት ስምምነት ግን አልተሠራም፤ አንዳንዱም በባሕርዩ የሚሠራ አልነበረም።

6. መዝገበ ቃላት ሕግ ሲሆን

የሙያው ሰዎች ይህን ትምህርት ቀስ በቀስ ተቀበሉት። በ1990 በአሜሪካ የተቋቋመው የሙያ ማኅበራቸው በ1995 ዓለም አቀፍ ሆነ። በ2002 ደግሞ 15288 የሚል ቁጥር የተሰጠው ዓለም አቀፍ ደረጃ ወጣ፤ ከዚያም ወዲህ በ2008፣ በ2015ና በ2023 ተሻሽሏል። ደረጃው በአንድ ኢንዱስትሪ ሳይወሰን ሥርዓት የሚሠራ ማንኛውም ድርጅት እንዲጠቀምበት የታሰበ ሲሆን፣ ዝርዝሩ ከመከተሉ በፊት የቃላቱን ፍች ያስቀምጣል። በሌላ አነጋገር፣ ከድርጅት ወደ ድርጅት መሻገሪያ ሆኖ የተገኘው በመጀመሪያ ደረጃ መዝገበ ቃላት ነው።

የግሡ መልክ ሳይቀር ሕግ ወጥቶለታል። በእንግሊዝኛ የቴክኒክ ውል «ሻል» የሚለው ረዳት ግሥ ግዴታን፣ «ሹድ» ምክርን ያመለክታል። የአማርኛ ተርጓሚ እዚህ ላይ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። በሕግ አማርኛ ተራው የትንቢት ግሥ ግዴታ ነው፤ «ይቀጣል» ማለት መቀጣቱ የማይቀር ነው። በቴክኒክ ጽሑፍ ግን «ቧንቧው ውሃውን ያስተላልፋል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ግዴታ ይሁን፣ ስለ ቧንቧው የተሰጠ ተራ መግለጫ ይሁን አይታወቅም። ስለዚህ ለግዴታ «ማስተላለፍ አለበት»፣ ለምክር «ቢያስተላልፍ ይመረጣል»፣ ለመግለጫ ብቻ «ያስተላልፋል» የሚል ክፍፍል በአንድ ሰነድ ውስጥ ሳይዛነፍ መጠበቅ ይገባዋል።

7. «ማረጋገጥ» የሚሸፍነው ልዩነት

በሙያው ውስጥ «ቬሪፊኬሽን» እና «ቫሊዴሽን» የሚባሉ ሁለት ተግባሮች አሉ። የመጀመሪያው የተሠራው ነገር በጽሑፍ ከተወሰነው ጋር መስማማቱን መመርመር ነው። ሁለተኛው በጽሑፍ የተወሰነው ራሱ ለተጠቃሚው እውነተኛ ሁኔታ ተገቢ መሆኑን መመርመር ነው። በአማርኛ ሁለቱንም «ማረጋገጥ» እያልን ስንተረጉም እንገኛለን። ይህ መደባለቅ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ሁለት ምሳሌዎች ያሳያሉ።

በመስከረም 1999 አንድ የአሜሪካ መንኮራኩር ማርስ ሲደርስ ጠፋ። አንደኛው ቡድን የግፊቱን መጠን በእንግሊዝ ፓውንድ አስልቶ ሲሰጥ፣ ሌላኛው ቁጥሩን በኒውተን የተሰላ አድርጎ ተቀብሎት ነበር፤ ልዩነቱ ከአራት እጥፍ በላይ ነው። የመጋጠሚያው ሰነድ በሜትሪክ እንዲሆን ያዝ ነበር። ስለዚህ ጽሑፉ ትክክል ነበር፤ የጎደለው ሥራውን ከጽሑፉ ጋር ማስተያየት ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ወደ አገራችን ያደርሰናል። በመጋቢት 10 ቀን 2019 ከቦሌ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 በስድስት ደቂቃ ያህል ጊዜ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከሰከሰ፤ በውስጡ የነበሩት 157 ሰዎች ሁሉ ሞቱ። ከዚያ አስቀድሞ በጥቅምት 2018 በኢንዶኔዥያ ተመሳሳዩ የቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን ወድቆ 189 ሰዎች አልቀው ነበር። በሁለቱም ላይ «ኤምካስ» በሚል ምሕፃረ ቃል የሚጠራው ራስ ሠር የበረራ መቆጣጠሪያ ከአንድ ጠቋሚ መሣሪያ ብቻ በመጣ የተሳሳተ ምልክት ተነሥቶ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች ደፍቷል። የዚህ መቆጣጠሪያ ኃይል በንድፉ ሂደት ከ0.6 ዲግሪ ወደ 2.5 ዲግሪ ከፍ ተደርጎ ሳለ፣ ለውጡ ለሚመለከታቸው ሁሉ በሚገባ አልደረሰም። ከኢንዶኔዥያው አደጋ በፊት ለአብራሪዎች በተሰጠው መመሪያ ውስጥም ስለ አሠራሩ ማብራሪያ አልነበረም። የልዩ ልዩ አገሮች የአቪየሽን ባለሥልጣናት ጣምራ ቡድን በጥቅምት 2019 ባወጣው ዘገባ፣ መቆጣጠሪያው ለፈቃድ በቀረቡት ሰነዶች ውስጥ እንደ አንድ ሙሉና የተቀናጀ ተግባር ሳይመረመር መቅረቱን ገልጿል።

የንድፉ መነሻ አብራሪዎች ችግሩ ሲደርስ ፈጥነው ይለዩታል፣ ያርሙታልም የሚል ግምት ነበር። ሥራው ከዚህ ግምት ጋር ቢመሳከር ሊስማማ ይችላል፤ ግምቱ ራሱ ግን አንድ አብራሪ ብዙ ማስጠንቀቂያ በአንድ ጊዜ ሲጮህበት ካለበት እውነተኛ ሁኔታ ጋር በሚገባ አልተፈተነም። ሁለቱን ተግባሮች በአንድ ቃል የሚጠራ ዘገባ ለአማርኛ አንባቢ «ተረጋግጦ ነበር» ሊለው ይችላል፤ አንባቢውም የትኛው እንደተረጋገጠና የትኛው እንደቀረ ሊያውቅ አይችልም።

8. የስያሜ ሐሳቦች

ከላይ በቀረበው መሠረት የሚከተሉት ስያሜዎች ለውይይት ቀርበዋል። ለሙያው «የሥርዓት ምሕንድስና» ይጽና፤ ሆኖም በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ፍቹ ይሰጥ። ለ«ቬሪፊኬሽን» «ማመሳከር» ይሁን፤ ቃሉ አንድን ጽሑፍ ከምንጩ ጋር ማስተያየት የሚል የታወቀ ትርጉም ስላለው ለተግባሩ ተስማሚ ነው። ለ«ቫሊዴሽን» «ተገቢነትን ማረጋገጥ» ይባል፤ «ማረጋገጥ» ብቻውን ለሁለቱም አይዋል።

ለ«ሪኳየርመንት» «ፍላጎት» በቂ አይደለም። ፍላጎት ተጠቃሚው በልቡ የያዘው ሲሆን፣ እዚህ የሚባለው ግን ተጽፎ ውል የሆነው ነው። «ተፈላጊ» ብቻውን ሲቀመጥም የፖሊስን ማስታወቂያ ስለሚያስታውስ «ተፈላጊ ባሕርይ» ማለቱ ይሻላል። ለ«ኢንተርፌስ» ከ«ገጽታ» ይልቅ «መጋጠሚያ» ይመረጣል። የእንግሊዝኛው ቃል በ19ኛው ክፍለ ዘመን በፊዚክስ የሁለት አካላትን መገናኛ ገጽ ለማመልከት ይነገር የነበረ ነው፤ መጋጠሚያ ግን አናጢውም ግንበኛውም የሚያውቀው ቃል ሲሆን፣ የሁለት ወገኖችን ኃላፊነት በግልጽ ያሳያል።

የቀረው «ኢንተግሬሽን» ነው። «ማዋሐድ» የሚለው አቻ በዕለት ንግግር ክፍሎቹ መለያቸውን ትተው አንድ የሆኑ ያስመስላል። «ማቀናጀት» ግን ከእርሻ የመጣ ነው። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ሌላ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል። በሬዎቹ የየባለቤታቸው እንደሆኑ ይቆያሉ፤ ቀንበሩ ግን ለሁለቱም የሚሆን መሆን አለበት፤ የማን ማሳ ቀድሞ እንደሚታረስም አስቀድሞ በቃል ይታሰራል። ዩሮፓ ያጣው ይህን ቀንበርና ይህን ስምምነት ነበር። የሥርዓት ምሕንድስና ለገበሬያችን ፍጹም እንግዳ አይደለም ማለት ይቻላል።

እነዚህ ስያሜዎች በመዝገበ ቃላት ከመታተማቸው በፊት በሥራ ላይ መፈተን አለባቸው። አንድ የውል ሰነድ ተመርጦ በእነዚህ ቃላት ይተርጎም፤ ከዚያም ለሁለት ልዩ ልዩ ክፍሎች ባለሙያዎች ለየብቻ ተሰጥቶ የተረዱትን ይጻፉ። ሁለቱ የጻፉት ከተስማማ ቃሉ ይጽደቅ፤ ካልተስማማ ጉድለቱ የሚገኘው በመጋጠሚያው ላይ ስለሆነ፣ ቃሉ ተመልሶ ለተርጓሚውና ለባለሙያው በአንድነት ይቅረብ።